ቀርፋፋው ከፊት ይሂድ



ላለፉት ስምንት ወራት ስድስት ሰዎች ሆነን ገና ያልሄድነውን አንድ ጉዞ ስናቅድ ቆይተናል። ከደባርቅ ተነሥቶ የስሜን ተራሮችን ገደል አፋፍ አፋፉን እየተከተለ፣ በሳንቃ በርና በግጭ በኩል ጨነቅ የሚደርስ የአራት ቀን የእግር ጉዞ ነው። «ያልሄዳችሁትን ጉዞ ምኑን ትጽፉልናላችሁ?» የሚል አይጠፋም። ከተማ ውስጥ ያደግን ወጣቶች ተራራ ሲባል ቶሎ የሚታየን ጫፉ ላይ ቆመን የምንነሣው ፎቶ ነው። ከዚያ ፎቶ በፊት ያለውን ሥራ ግን ብዙ ጊዜ ማንም አይነግረንም። የዛሬው ጽሑፌ ስለዚያ ሥራ ነው።

ለምን ስሜንን መረጥን? የእናቴ ወገኖች የጎንደር አዲስ ዓለም ሰዎች ናቸው። ሰፈሩ በቀድሞ ስሙ «እስላም ቤት» ይባል ነበር። በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1668 በተደረገ ጉባኤ፣ የከተማው ሙስሊሞች ለብቻቸው እንዲኖሩ ተወሰነ። ርስት በማያገኙበት በዚያ ዘመን እንጀራቸው ንግድና ሽመና ሆነ። የጎንደር ጀበርቲ ነጋዴዎች ወርቁን፣ ዝባዱን፣ የዝሆን ጥርሱን በበቅሎና በአህያ ጭነው ወደ ምጽዋ ይወርዱ ነበር። መንገዳቸው በወገራ አልፎ ደባርቅ ይደርሳል፤ ከዚያ ሊማሊሞን ቁልቁል ይወርዳል፤ ተከዜን ተሻግሮ በአድዋ በኩል ወደ ባሕሩ ያመራል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ከምጽዋ ወደ ጎንደር ሲመጣ የወጣው ይህንኑ የሊማሊሞ አቀበት ነው።

የአያቴ አባት ከነዚያ ሲራራ ነጋዴዎች አንዱ ነበር። እሱ የወረደበትን አቀበት በ1930ዎቹ ጣሊያኖች ቆርጠው የመኪና መንገድ አደረጉት፤ ዛሬ ሊማሊሞ ላይ የሚጮኸው የጭነት መኪና ነው። ለእግር የቀረው ከደባርቅ ወደ ምሥራቅ፣ በተራራው ራስ ላይ የሚሄደው የበቅሎ መንገድ ነው። የስሜን ገጠር ሰው እህሉን ጭኖ ገበያ ሲወርድበት የኖረ መንገድ ነው። ከአያቴ አባት መንገድ ጋር ደባርቅ ላይ ይገናኝና በሌላ አቅጣጫ ይለያያል። ለእኛ ግን አየሩም፣ ድንጋዩም፣ የበቅሎው ኮቴ ድምፅም ያው ነው ብለን ወሰንን።

ይህን ሐሳብ የጀመረው ጋሼ ነው። ጋሼ የምንለው አጎቴን ነው፤ ዕድሜው ስልሳ አንድ፣ የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ፣ ዕድሜውን ሙሉ መርካቶ ሱቅ ውስጥ ቆሞ የሠራ ሰው ነው። አንድ የዒድ ቀን ከምሳ በኋላ «አባቴ የአባቱን መንገድ እየተረከልኝ ነው ያሳደገኝ። እግሬ ሳይከዳኝ አንድ ቀን ባየው ደስ ይለኛል» አለ። እኔ፣ እህቴ፣ ባለቤቷና ሁለት ጓደኞቼ በዚያው ቀን «አብረን እንሄዳለን» አልን። ቃል መግባቱ ቀላል ነበር። እቅዱ ላይ ስንቀመጥ ግን የመጀመሪያው ጥያቄ መጣ፦ ጉዞው በማን አቅም ይለካል?

ጓደኞቼ ራስ ዳሸንን መውጣት ፈለጉ። የኢትዮጵያ ከፍተኛው ተራራ ነው፤ ከ4,500 ሜትር በላይ። ከጨነቅ ግን ብዙ ይቀረዋል። መጀመሪያ ከ4,200 ሜትር በላይ ያለውን የቧሂት መተላለፊያ መውጣት፣ ከዚያ ወደ 2,800 ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ መሸሃ ወንዝ መውረድ፣ እንደገና ወደ አምቢቆ መውጣት፣ ጫፉን ደርሶ ደግሞ ያንኑ ሁሉ መመለስ አለ። ሦስት ተጨማሪ ቀን ይፈልጋል፤ ከዚህም በላይ የሃያ ዓመት ጉልበት ይፈልጋል። አንደኛው ጓደኛዬ «ስሜን ድረስ ሄዶ ራስ ዳሸንን ሳይወጡ መመለስ ሰርግ ቤት ሄዶ ሳይበሉ እንደ መመለስ ነው» ብሎ አሳቀን። ጋሼ ግን አልሳቀም። «እናንተ ውጡ፤ እኔ ደባርቅ ቁጭ ብዬ እጠብቃችኋለሁ» አለ። ቤቱ ጸጥ አለ። ጉዞውን ያመጣው ሰው ከጉዞው ሊቀር ነው።

ያኔ እህቴ ከአያታችን የሰማችውን አንድ ነገር አስታወሰች። የአያታችን አባት ጭነት ሲያስነሣ ደካማውን በቅሎ ከፊት ያስቀድም ነበር አሉ። ጠንካራው ከፊት ከሆነ ደካማው ሳይታወቅ ወደ ኋላ ይቀራል፤ የቀረውን ደግሞ ሽፍታ ወይም ጅብ ያገኘዋል። ደካማው ከፊት ከሆነ ሁሉም በእሱ እርምጃ ይሄዳል፤ ሁሉም አብሮ ያድራል። «ቀርፋፋው ከፊት ይሂድ» ማለት በቤታችን የተለመደ አባባል ነበር፤ ልጆች ሆነን ትምህርት ቤት ስንሄድም ትንሹ ከፊት ይሄድ ነበር። በዚያች ምሽት ራስ ዳሸንን ከወረቀቱ ላይ ሰረዝነው። ጓደኛዬ ትንሽ አኮረፈ፤ በማግስቱ ግን ለጋሼ የሚሆን የእግር ጉዞ ዱላ ሲያፈላልግ አገኘሁት።

ከዚያ በኋላ ያለው እቅድ ሁሉ የተሠራው በዚህ አንድ ሐሳብ ላይ ነው። ለሌላ ጉዞም ይጠቅማችሁ ይሆናልና አንድ በአንድ ላጫውታችሁ።

የመጀመሪያው ከፍታ ነው። እኛ አዲስ አበቤዎች ከ2,300 ሜትር በላይ ስለምንኖር ተራራ የለመድን ይመስለናል፤ ከባሕር ዳርቻ ከሚመጣው ሰው በእርግጥ እንሻላለን። ግን ከ3,000 ሜትር በላይ ሰውነት ጊዜ ይፈልጋል። የሕክምና ምክሩ፣ ከዚያ ከፍታ በላይ ከአንድ ማደሪያ ወደ ቀጣዩ ማደሪያ ያለው ጭማሪ ከ500 ሜትር እንዳይበልጥ ነው። እኛም ማደሪያችንን በዚህ ልክ ቆጠርን፦ የመጀመሪያው ሌሊት ደባርቅ፣ 2,850 ሜትር ገደማ። ሁለተኛው ሳንቃ በር፣ 3,250 ገደማ። ሦስተኛው ግጭ፣ 3,600 ገደማ። አራተኛው ጨነቅ፣ ከግጭ ብዙም የማይለይ። በቀን እሜት ጎጎን የመሰለ 3,900 ሜትር የሚያልፍ አፋፍ ላይ ወጥተን እናያለን፤ ለማደር ግን ዝቅ እንላለን።

ሁለተኛው፣ ከመነሣታችን በፊት የመመለሻውን ሕግ መጻፋችን ነው። ራስ ምታት ከማቅለሽለሽ ወይም ከማዞር ጋር የያዘው ሰው አንድ እርምጃ ወደ ላይ አይጨምርም። ካልተሻለው ይወርዳል። ቁጭ ብሎ ትንፋሽ ካጠረው ወይም እንደ ሰካራም መንገዳገድ ከጀመረ፣ ሌሊትም ቢሆን በዚያው ሰዓት ይዘነው እንወርዳለን፤ የሚያድነው መውረድ ነውና። ይህን ሕግ ቤት ሆነን የጻፍነው ተራራው ላይ ሰው ራሱን ስለማያምን ነው። እዚያ ሲደርስ «ትንሽ ነው፣ ይለቀኛል» ይላል፤ ሌላውም ጉዞው እንዳይበላሽ ብሎ ያምነዋል። ወረቀት ግን አያፍርም። ጋሼም ሐኪሙ ዘንድ ሄዶ የደም ግፊቱን ተለክቶ፣ ስለሚወስደው መድኃኒት ተማክሮ መጥቷል።

ሦስተኛው ሰዓት ነው። ናይስሚዝ የተባለ ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ እ.ኤ.አ. በ1892 ያወጣው ቀላል ስሌት አለ፦ ለየአምስት ኪሎ ሜትሩ አንድ ሰዓት፣ ለየ600 ሜትር አቀበቱ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ሰዓት። 600 ሜትር አቀበት ያለበት 12 ኪሎ ሜትር መንገድ ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ይወስዳል ማለት ነው። ይህ ግን ለጠንካራ ሰው ነው። እኛ በጋሼ እርምጃ እጥፍ አድርገን ሰባት ሰዓት ያዝን። ስለዚህ ከፈጅር ሶላት በኋላ ቁርስ በልተን ጧት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ መነሣት አለብን። ከሰዓት በኋላ ጉሙ ከገደሉ ሥር ተነሥቶ አፋፉን ሊሸፍን ይችላል፤ ያን ጊዜ ድንኳናችን አጠገብ መሆን እንፈልጋለን።

ስንቅ ላይ ስንደርስ እቅዱ ወደ ሴቶቹ እጅ ገባ፤ የአጎቴ ባለቤት አክስታችን ማንንም አላስጠጋችም። «አባቶቻችሁ በምን ሄዱ መሰላችሁ?» አለችና በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ሽሮና ቋንጣ ጻፈች። ነገሩን ሳጣራው የሷ ዝርዝር ከሱቁ የታሸገ ምግብ ይበልጣል። ግጭ ላይ ውሃ የሚፈላው በ88 ዲግሪ ገደማ ነው፤ አየሩ ስለሚሳሳ ከ100 ቀድሞ ይፈላል። ስለዚህ ምስርና ባቄላ እዚያ ቶሎ አይበስሉም፤ የምናቃጥለውም ጋዝ በከንቱ ያልቃል። በሶ ግን ቤት ተቆልቶ የተፈጨ ነው፤ ውሃና ጨው ብቻ ይበቃዋል። የመጠጥ ውሃ በዚያ ከፍታ ቢያንስ ሦስት ደቂቃ መፍላት አለበት። ማገዶ ከፓርኩ አንለቅምም፤ ምድጃና ጋዙን ከታች ይዘን እንወጣለን። ቆሻሻችንንም መልሰን ይዘን እንወርዳለን።

ብርድ ደግሞ አለ። ከጥቅምት እስከ መጋቢት ያለው ጊዜ ለስሜን ጉዞ ጥሩ ነው፤ ክረምቱ ያልፋል፣ ሰማዩ ይጠራል። በተለይ ከመስከረም ዝናብ በኋላ ሣሩ ገና አረንጓዴ ነው። ግን በእነዚያው ወራት ግጭና ጨነቅ ላይ ሌሊቱ ውርጭ ነው፤ ውሃ በዕቃ ውስጥ ይረጋል። ለእያንዳንዱ ሰው ወፍራም የመኝታ ከረጢት፣ ኮፍያ፣ ጓንት፣ የደረቀ ትርፍ ካልሲ ጻፍን። ጋሼ ግን «ጋቢዬን ካላስያዛችሁኝ አልሄድም» ብሏል፤ ተፈቅዶለታል።

ሶላታችንንም በእቅዱ ውስጥ አስገብተናል። የሰፈራችንን ኡስታዝ ጠይቀን ስለ መንገደኛ ሶላት ማሳጠርና ማጣመር፣ በውዱእ በተለበሰ ኹፍ ላይ መንገደኛ ሦስት ቀንና ሌሊት ማበስ እንደሚችል፣ ተየሙም መቼ እንደሚፈቀድ ተምረናል። በውርጭ ማለዳ የሚሞቅ ውሃ የሚሆን ጋዝም ለብቻው ቆጥረናል። ቂብላውን በካርታ ላይ ስፈልግ ደግሞ አንድ ነገር አገኘሁ። ከስሜን መካ ያለችው በሰሜን በኩል ነው፣ በጥቂቱ ወደ ምሥራቅ ዘንበል ብላ። የስሜን ታላቁ ገደልም ፊቱ ወደ ሰሜን ነው። ስለዚህ አፋፉ ላይ ለሶላት ስንቆም ከፊታችን ባዶ ሰማይ፣ ከሥሩም ጉም የሞላበት ቆላ ይሆናል። ሱብሐነላህ! ጋሼ ይህን ስነግረው ብዙ ቆየና «የአያቴም ሐሳብ ወደዚያው ነበር የሚሄደው» አለኝ።

የድሮ ሲራራ ያለ አለቃ አይነሣም ነበር። አለቃው ነጋድራስ ይባላል፤ መቼ እንደሚነሡ፣ የት እንደሚሰፍሩ የመጨረሻው ቃል የሱ ነበር። እኛም አንድ ሰው መረጥን፤ የመረጥነው ደግሞ እህቴን ነው። ነርስ ናት፤ «ውረድ» ስትል ጋሼም ቢሆን አይከራከራትም። በስሜን ፓርክ ሕግ መሠረት መሣሪያ የያዘ ስካውት አብሮን ይሄዳል፤ ደባርቅ ካለው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት አስጎብኚና ባለ በቅሎም እንይዛለን። ለጋሼ የምትቀመጥ አንዲት ትርፍ በቅሎ አስበናል፤ እሱ ግን የዕቃ ናት መስሎታል፣ እባካችሁ አትንገሩብኝ። የባለ በቅሎውና የስካውቱ ስንቅ፣ ብርድ ልብስና ክፍያ በእኛው ዝርዝር ውስጥ ተጽፏል። እኛ በድንኳን ውስጥ ሞቆን ተኝተን መንገዱን የሚያውቀው ሰው በነጠላ ሲንቀጠቀጥ ማደሩ ነውር ነው። እሱም ከስድስቱ ጋር ይቆጠራል።

ስለ ግጭም ላንሣላችሁ። ብዙ መንገደኛ ግጭን የሚያውቀው በጅብራውና በጓሳው ሜዳ ነው። በዓለም ላይ ከስሜን ውጭ በዱር የማይገኘው ዋልያ፣ ጭላዳውና ቀይ ቀበሮው በዚህ ዙሪያ ይኖራሉ። ግን ግጭ መንደር ነበረ፤ ነዋሪዎቹም ሙስሊም ገበሬዎች ነበሩ። ገብስ ያርሱ፣ ከብት ያረቡ ነበር። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1996 ደግሞ አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ገባ። ከምክንያቶቹ አንዱ የእርሻና የግጦሽ መስፋፋት ነበር። በ2016 የግጭ ሰዎች ካሳ ተሰጥቷቸው ወደ ደባርቅ ተዛወሩ፤ በቀጣዩ ዓመት ፓርኩ ከአደጋው ዝርዝር ወጣ። ሣሩ አገገመ፤ ሰዎቹ ግን ከተማ ውስጥ ኑሮን እንደ አዲስ ጀመሩ። የዱር አራዊቱም የሰዎቹም ነገር ልብ ይነካል፤ አንዱን ለማክበር ሌላውን መርሳት አያስፈልግም። ስለዚህ በእቅዳችን ላይ አንድ ነገር ጨምረናል፦ ደባርቅ በምናድርበት ቀን የግጭ ሽማግሌዎችን ፈልገን፣ ሰላም ብለን፣ ስለ መንደራቸው እንጠይቃለን። ድንኳን የምንተክልበትን ምድር ቀድሞ የነበሩት ሰዎች አፍ መስማት አለብን።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። ሁሉ ተዘጋጅቶ ለምን አልሄድንም? መልሱን ታውቁታላችሁ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል ያለው ግጭት መንገዱን የማይታመን አድርጎታል። ቀን ቆርጠን ነበር፤ ደባርቅ ያለ ዘመዳችን ጋ ደወልን፤ «ዘንድሮ ይቅርባችሁ፣ ልጆቼ» አለን። ከዚያ በላይ አልጠየቅነውም።

ይህ ለወጣቱ ቀላል ነው፤ የሚቀጥለው ዓመት አለን ብለን እናስባለን። ስልሳ አንድ ዓመት ለሞላው ሰው ግን አንድ ዓመት አንድ ዓመት ነው። ጓደኞቼ «በአውሮፕላን ጎንደር ገብተን ቶሎ ደርሰን እንመለስ» የሚል ሐሳብ አመጡ። ስድስታችንም ቁጭ ብለን ተነጋገርን። አሁንም ነገሩን የዘጋው ጋሼ ነው። «አባቴ እንደነገረኝ ክረምት ተከዜ ሲሞላ ነጋዴው ጭነቱን አራግፎ ይቀመጣል። ወንዙ እስኪጎድል ወሩን ሙሉ ይጠብቃል። ዕቃው ይበላሻል፣ ገንዘቡ ይቆማል፤ ግን አይገባም። የገባውን ወንዙ ወስዶታል። መጠበቅም የመንገዱ ክፍል ነው፣ ልጄ» አለኝ። ደግሞም በኛ ምክንያት ስካውቱና ባለ በቅሎው አደጋ ላይ ይወድቃሉ። የሚጠብቃቸው ቤተሰብ አላቸው።

ስለዚህ ቆየን። ቆየን ማለት ግን ተውን ማለት አይደለም። ጋሼ በየእሑዱ ከፈጅር በኋላ እንጦጦ ይወጣል፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ለሳንባውም ለጉልበቱም ልምምድ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ሦስት ቦታ ቁጭ ይል ነበር፤ አሁን አንድ ቦታ ብቻ፣ እሱም ሻይ ለመጠጣት ነው ይላል። እኛም ከኋላው ነን፤ ማንም አይቀድመውም። የራስ ዳሸኑ ጓደኛዬ እንኳ በዚህ ርምጃ መሄድ ለምዶ፣ ድሮ ሮጦ ያለፋቸውን ወፎች በስም ማወቅ ጀምሯል።

ውድ አንባቢዎቼ፣ ከዚህ ሁሉ ለናንተ የማካፍለው ይህን ነው። ጉዞ ስታቅዱ ከተራራው አትነሡ፤ አብሯችሁ ከሚሄደው ደካማ ሰው ተነሡ። እሱ የሚደርስበትን ቦታ መድረሻ አድርጉት። የምትመለሱበትን ምክንያት ከምትሄዱበት ምክንያት እኩል ጻፉት። ቤት ለሚቀረው ሰውም ወረቀቱን ስጡት። የኛ ወረቀት አክስታችን ጋ ነው፤ የየቀኑ ማደሪያ፣ የአስጎብኚው ስልክ፣ በስንተኛው ቀን ካልደወልን ለማን እንደምትደውል ሁሉ ተጽፎበታል። እሷ ስሜን አትሄድም፤ ግን ከሁላችን በላይ መንገዱን በቃሏ ይዛዋለች። ወላጅ «አትሂድ» ሲል ብዙ ጊዜ የሚፈራው አለማወቁን ነው። ወረቀቱን ካየች በኋላ «አትሂዱ» ያለችበት ቀን የለም።

ደግሞ ሰላም እስኪሆን የሚሠራ ሥራ ለሁላችሁም አለ። አያቶቻችሁን ጠይቁ፦ በየት በኩል መጡ? በስንት ቀን? የት አደሩ? ምን በሉ? የወሎም፣ የባሌም፣ የጅማም፣ የሐረርም መንገድ የራሱ ነጋዴ፣ የራሱ ደረሳ፣ የራሱ መንገደኛ ነበረው። የሚያውቁት ሰዎች ከእኛ ጋር እያሉ ብትጽፉት መንገዱ ሲከፈት ካርታ አላችሁ ማለት ነው።

አላህ ለሀገራችን ሰላሙን ያውርድልን፤ በየመንገዱ ያለውን ሁሉ በሰላም ወደ ቤቱ ይመልስልን። አክስታችን ጋ ያለው ወረቀት ላይ ሁሉም ነገር ተሞልቷል፤ የመነሻው ቀን የሚጻፍበት ቦታ ብቻ ክፍት ነው። ኢንሻአላህ እሱንም ጋሼ በእጁ ይጽፈዋል።